ለአዘጋጁ፦ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ከመፈክሩ በፊት ሙዚቃ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

የጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድ ስለ አሜሪካ ራፕ ሜታል ባወጣው ጽሑፍ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን የተባለውን ባንድ ከፖለቲካው በቀር ምንም ሳይልለት አልፏል። ሰንደቅ ዓላማ መዘቅዘቁን፣ ዎል ስትሪት ላይ መጫወቱን፣ መበተኑንና ተመልሶ መሰብሰቡን ጠቅሶ አበቃ። እኛ ጊታር፣ ቤዝና ድራም የምንጫወት አንባቢዎቻችሁ ነን። የተጻፈው ትክክል ነው፤ ዋናው ነገር ግን ቀርቷል። ቁጡ ባንድ በየዘመኑ ሞልቷል፤ አብዛኛው ከሁለት ዓመት በኋላ አይሰማም። እነዚህ አራት ሰዎች ግን ለራሳቸው ጥብቅ ደንብ አውጥተው፣ በአንድ ጊታር፣ በአንድ ቤዝ፣ በአንድ ድራምና በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሂፕ ሆፕ ዲጄን ሥራ ጭምር ሠሩ። ቃላቸው ከ30 ዓመት በላይ ጆሮ ያገኘው በዚህ ነው ብለን እናምናለን። ይህ ካልተጻፈ ደግሞ እነሱን አይቶ መሣሪያ የሚያነሳ ወጣት የሚወርሰው ጩኸቱን ብቻ ይሆናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ባንዱ የተመሠረተው በ1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ ቀደም ሲል ሎክ አፕ በሚባል ባንድ ውስጥ ነበር፤ ሎክ አፕ በ1989 አንድ አልበም አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። ድምፃዊው ዛክ ዴ ላ ሮቻ የመጣው ኢንሳይድ አውት ከተባለ የሃርድኮር ፐንክ ባንድ ነው፤ የአዲሱ ባንድ ስም ራሱ ለዚያ ባንድ ተጽፎ ሳይወጣ ከቀረ ዘፈን የተወሰደ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ቲም ኮመርፎርድ የዛክ የልጅነት ጓደኛ ነው። ድራሙን ብራድ ዊልክ ያዘ። የሞሬሎ አባት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኬንያ ዲፕሎማት ነበሩ፤ እናቱ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው፤ እሱ ራሱ በ1986 ከሃርቫርድ ተመርቋል። የዛክ አባት ቤቶ ዴ ላ ሮቻ ደግሞ ሎስ ፎር የተባለው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ቡድን አባል ነበሩ። ስለዚህ ፖለቲካው ዝና ከመጣ በኋላ ለማስታወቂያ የተለበሰ ካባ አይደለም፤ ከቤት ይዘውት የወጡት ነው።

መጀመሪያ ያሳተሙት 12 ዘፈን ያለበት ካሴት ነበር፤ በየኮንሰርቱ በር ላይ ወደ 5,000 ቅጂ ሸጡ። ከዚያ የሶኒ ንብረት ከሆነው የሸክላ አሳታሚ ኤፒክ ጋር ተፈራረሙ። የትልቅ ካፒታልን ሥርዓት የሚያወግዝ ባንድ ከእንዲህ ያለ ኩባንያ ጋር መፈራረሙ ያኔም እስከ ዛሬም ያስወቅሳቸዋል፤ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም። ለፍርድ ግን የሠሩትን ማየት ይቀላል፤ በሥራቸው ይዘት ላይ የመወሰን መብታቸውን በውሉ አስከብረው፣ ሦስቱንም አልበም በዚያው ኩባንያ ስም እንደ ፈለጉት አድርገው አውጥተዋል።

የመጀመሪያው አልበም በባንዱ ስም ኖቬምበር 3 ቀን 1992 ወጣ። ዘፈኖቹ 10 ናቸው። የሽፋኑ ፎቶግራፍ የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ኩዋንግ ዱክ ጁን 11 ቀን 1963 ሳይጎን ውስጥ ራሱን ሲያቃጥል ማልኮም ብራውን ያነሳው ነው። ስለ ሽፋኑ ብዙ ተጽፏል። በውስጠኛው ወረቀት ላይ ስለሰፈረችው አጭር ማስታወሻ ግን ያን ያህል አይጻፍም፤ በዚህ ቀረጻ ሳምፕልም (ከሌላ ቀረጻ የተቆረጠ ድምፅም)፣ ኪቦርድም፣ ሲንተሳይዘርም አልተጠቀምንም ትላለች። ለእኛ የባንዱ ቁልፍ ይቺ ናት። ያኔ ሂፕ ሆፕ የሚሠራው ከሌላ ሸክላ በተቆረጠ ድምፅና በዲጄ እጅ ነበር። ራፕና ሮክን ማገናኘትም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ረን ዲኤምሲ ከኤሮስሚዝ ጋር በ1986፣ አንትራክስ ከፐብሊክ ኢነሚ ጋር በ1991 አብረው ሠርተዋል። በእነዚያ ሥራዎች ግን ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚሰሙት። ሬጅ ዲጄውን አስቀርቶ ሥራውን ለጊታር ሰጠ። ሞሬሎ በባንዱ ውስጥ ያለኝ ቦታ የዲጄ ነው ሲል፣ የፐብሊክ ኢነሚውን ተርሚኔተር ኤክስንና የረን ዲኤምሲውን ጃም ማስተር ጄን ከጊታሪስቶች እኩል ሲጠቅስ፣ ይህንኑ ማለቱ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር እንግለጽ፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

የባንዱን ክብደት ብዙ ሰው የአምፕ (የጊታር ማጉያ) ጉልበት ይመስለዋል። መነሻው ግን ቅኝቱ ነው። «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» የተባለው ዘፈን ላይ ስድስተኛው፣ ማለትም ወፍራሙ ክር፣ ከኢ ወደ ዲ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዷል። በቁጥር ከ82.4 ኸርዝ ወደ 73.4 ኸርዝ ማለት ነው። የቀሩት አምስት ክሮች ከቦታቸው አይነቃነቁም። ይህ ድሮፕ ዲ የሚባለው ቅኝት ነው፤ ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ብቻ ተጭኖ ሙሉ ፓወር ኮርድ (የሮክ ባለ ሁለት ኖታ ጠንካራ ኮርድ) ማውጣት ያስችላል። እጅ ቅርጽ መቀየር ስለማያስፈልገው ኮርዱ እንደ ነጠላ ኖታ ይሮጣል። የቤዝ ጊታሩም ያንኑ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር ዜማ) አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ አብሮ ይሄዳል። ሁለት መሣሪያ አንድ ዜማ ሲጫወት የሚሰማው አንድ ግዙፍ መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛ ጊታር የማያስፈልጋቸውም ለዚህ ነው።

ጀማሪው እዚህ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው ቀጭን ክር ነው። ከ0.009 ኢንች የሚጀምር ስብስብ ወደ ዲ ሲወርድ ወፍራሙ ክር ይላላል፤ በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ከቅኝቱ ሽቅብ ይዘልና ከዚያ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሪፉ ከቤዙ ጋር የተጣላ ይመስላል። ከ0.010 እስከ 0.046 ወይም እስከ 0.052 ያለው ስብስብ ይሻላል፤ ክሩ ከተቀየረ ደግሞ ኢንቶኔሽኑ (በአንገቱ ርዝመት ሁሉ የኖታው ልክነት) እንደገና መስተካከል አለበት። ሁለተኛው ችግር ትሬሞሎ፣ ማለትም ክሮቹን በማንሻ የሚያላላና የሚወጥር ድልድይ ነው። ተንሳፋፊ ትሬሞሎ ያለው ጊታር በክሮቹና ከኋላ ባሉት ስፕሪንጎች መሀል ተመዛዝኖ የቆመ ነው። አንዱ ክር ሲላላ ስፕሪንጎቹ ያሸንፋሉ፣ ድልድዩ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ አምስቱም ክሮች ከቅኝታቸው በላይ ይወጣሉ። መድረክ ላይ በሁለት ዘፈን መሀል ይህን ማስተካከል የማይሆን ነው። የሞሬሎ ዋናው ጊታር፣ «አርም ዘ ሆምለስ» የሚል የተጻፈበት፣ እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ትሬሞሎ አለው። ለድሮፕ ዲ ዘፈኖች ግን ድልድዩ የማይነቃነቅ ፌንደር ቴሌካስተር ነው የሚያነሳው። ሁለት ጊታር መያዝ ለጌጥ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

የዚያ ዋና ጊታር ታሪክም ትምህርት አለው። ሞሬሎ አካሉን በትእዛዝ አሠርቶ ሲያበቃ አልወደደውም፤ ከዚያ በኋላ አንገቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን)፣ ትሬሞሎውን እየቀያየረ ከመጀመሪያው የተረፈው እንጨቱ ብቻ ሆነ። ማጉያው 50 ዋት ያለው ማርሻል ጄሲኤም 800 ነው፤ ስፒከሩ አራት ባለ 12 ኢንች ድምፅ ማጉያ የያዘ የፒቪ ሳጥን። ከፊት የሚረግጣቸው ፔዳሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዋው፣ ዋሚ፣ ዲሌይ (ድምፅ አስተጋቢ)፣ አንድ ኢኪው (ድምፅ ማመጣጠኛ)ና እንደ ፌዘር ያለ አንድ ሌላ። ሞሬሎ የተሻለ ድምፅ ፍለጋ ማለቂያ እንደሌለው ሲረዳ የአምፑን ቁልፎች ባሉበት ቦታ ምልክት አድርጎ ተወና ጊዜውን ሁሉ በዚያው ድምፅ አዲስ ነገር መጫወት ላይ አዋለው። ዕቃ በመግዛት ዘመኑን ለሚፈጅ ጊታሪስት ከዚህ የበለጠ ምክር የለንም።

ወደ ዲጄው ሥራ እንግባ። ዲጄ በአንድ እጁ ሸክላውን ወደፊትና ወደኋላ ይፈትጋል፣ በሌላ እጁ ድምፁን በክሮስፌደር ይቆርጣል። ሞሬሎ «ቡልስ ኦን ፓሬድ» ሶሎ ላይ የሠራው ይህንኑ ነው። አንድ እጁ ክሮቹን ሳይጫን ላያቸው ላይ ይፈትጋል፤ ይህ የሸክላው ፍተጋ ነው። ሌላው እጁ የፒክአፕ መምረጫውን ስዊች ከላይ ወደ ታች ይመታል፤ ይህ ክሮስፌደሩ ነው። ዋው ፔዳሉ ወደፊት ተረግጦ እዚያው ይቆማል፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ቆርጦ ቀጭኑን ስለሚያጎላ የመርፌና የሸክላ ባሕርይ ይሰጠዋል። ኮምፒውተር የለ፣ ሳምፕል የለ።

ይህ እንዲሠራ ጊታሩ ለሁለቱ ፒክአፖች ሁለት የተለያየ ቮልዩም ሊኖረው ይገባል። በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ ቮልዩም እስከ 0 ይዘጋል፣ በድልድዩ በኩል ያለው እስከ 10 ይከፈታል። ስዊቹ ወደ አንገቱ ሲሄድ ጸጥታ፣ ወደ ድልድዩ ሲመለስ ሙሉ ድምፅ ይሆናል። አንድ የጋራ ቮልዩም ያለው ጊታር ይህን አይሠራም፤ የማቋረጫ ቁልፍ ማስገጠም ያስፈልገዋል። ባለ ሦስት ቦታ ስዊች ላይ ደግሞ መሀለኛውን ቦታ መጠንቀቅ ነው፤ በተለመደው የሌስ ፖል ዓይነት ሽቦ አገጣጠም አንዱ ቮልዩም 0 ከሆነ መሀሉ ላይ ሁለቱም ፒክአፖች ዝም ይላሉ። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ምት ድምፅ አይሰጥም፣ ምቱም ይዘላል። ስዊቹን እስከ መጨረሻው ማድረስ ግድ ነው። ጣት ሳይሆን አንጓ ይሥራ፤ ጣት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደክማል። ግራ እጅ ኖታውን ያለ ምት በሃመር ኦን (ጣትን ክሩ ላይ በመጣል) ስለሚያወጣው ሁለቱን እጆች ማስማማት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ ጀምሮ በምት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁርጥ እያደረጉ መውጣት ይበጃል። ስዊቹ ዕድሜ አለው። መንኳኳት ወይም መንጫጫት ሲጀምር በኮንታክት ማጽጃ ይጸዳል፣ ካልሆነ ይቀየራል። ርካሽ የሳጥን ዓይነት ስዊች ለዚህ ሥራ አይበረክትም፤ ጠንካራው ባለ ረጅም ምላስ ይሻላል።

ዋሚ ፔዳል ድምፁን አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ይወረውራል። «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ሶሎ ላይ የሚያፏጨውና የሚንሸራተተው እሱ ነው። የድሮው ዓይነት በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው በቅጡ የሚከተለው፤ ኮርድ ሲሰጡት ይደናገርና ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ያልተፈለጉትን ክሮች በሁለቱም እጅ ማፈን፣ ፔዳሉንም ከዲስቶርሽን (ድምፁን ከሚያሻክረው ክፍል) በፊት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዲስቶርሽን በኋላ ቢገባ የሚደርሰው የተቆራረጠና የተቀላቀለ ድምፅ ስለሆነ ኖታውን አያውቀውም። አነጋገሩም በእግር ነው፤ ፔዳሉ በምቱ ላይ ካልደረሰ ኦክታቩ ከድራሙ ኋላ ይቀራል።

ለዲሌይ ቀላል ስሌት አለ። 60,000ን ለዘፈኑ ፍጥነት ማካፈል የአንዱን ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይሰጣል። ፍጥነቱ በደቂቃ 90 ከሆነ አንድ ምት 667 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ግማሹ 333 ነው። ከዚህ የዘነፈ ዲሌይ ሪፉን ያደፈርሰዋል።

ስለ ጌይን፣ ማለትም ድምፁን ስለሚያሻክረው የአምፑ መግቢያ ጉልበት፣ ከረር አድርገን እንናገራለን። ይህን ባንድ ለመጫወት የሚነሱ ወጣቶች የሚፈጽሙት ትልቁ ስህተት የዲስቶርሽን ብዛት ነው። የሬጅ ሪፍ ግማሹ ጸጥታ ነው። ኖታው ይመታል፣ ይታፈናል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ራፑ በዚያ ባዶ ቦታ ይገባል። ጌይን ሲበዛ ባዶው ቦታ በሹክሹክታና በፉጨት ይሞላል፤ ቃሉ አይሰማም፣ ስዊቹም ሲዘጋ ከአምፑ የሚመጣው ጫጫታ ይቀጥላል። ጌይኑን ከሚፈልጉት ሩብ ያህል ዝቅ አድርጉት፤ ጉልበቱን ከቮልዩምና ከእጅ አውጡት። መካከለኛውን ድምፅ፣ በ500 እና በ1,000 ኸርዝ መሀል ያለውን፣ አትቁረጡ። ሜታል ተጫዋቾች መቁረጥ ይወዳሉ፤ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሰማ ያምራል፤ ከድራምና ከቤዝ ጋር ግን ጊታሩ ይጠፋል።

ሦስተኛው አልበም ላይ ያለው «ስሊፕ ናው ኢን ዘ ፋየር» መጨረሻው ላይ የኮሪያ ቋንቋ ሬዲዮ ጣቢያ ይሰማል። የተቀረጸ ጨዋታ አይደለም፤ የሞሬሎ መሣሪያ የሎስ አንጀለስን አየር ራሱ ያዘው። ረጅም ኬብልና በቂ መከለያ የሌለው ፒክአፕ አንቴና ይሆናሉ፤ ጌይኑ ከፍ ያለው የአምፑ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ እንደ ሬዲዮ መቀበያ ይሠራል። ብዙ ጊታሪስት ይህን ብልሽት ኬብል በማሳጠርና ጊታሩን በመዳብ ወረቀት በመሸፈን ያስወግደዋል። እነሱ ግን አልበሙ ላይ ተዉት። አልፎ አልፎ ሞሬሎ ኬብሉን ከጊታሩ ነቅሎ ጫፉን በእጁ እየነካ ከዚያም ምት ያወጣል። ይህ ሰው ጊታሩን እስከ መሰኪያው ድረስ እንደ መሣሪያ ነው የሚያየው።

ስለ ጊታር አብዝተን ሌሎቹን ብናሳንስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ብራድ ዊልክ የሜታልን ባለ ሁለት ፔዳል ነጎድጓድ አያዘወትርም። ምቱ ከፈንክና ከሂፕ ሆፕ የመጣ ነው፤ ዘገም ያለ፣ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ የተቀመጠ። «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ላይ የምትሰማው ካውቤል የዚህ ምልክት ናት። ይህን የሚያፋጥን ድራመር ዘፈኑን ይገድለዋል፤ ኃይሉ በመዘግየቱ ነውና። ኮመርፎርድ ደግሞ በመጀመሪያው አልበም «ቴክ ዘ ፓወር ባክ» መግቢያ ላይ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመታ) ይጫወታል፤ በኋለኞቹ አልበሞች ዲስቶርሽን ያለው የቤዝ ድምፅ ጨመረ። የቤዝ ዲስቶርሽን ሲጨመር ታችኛው ድምፅ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ንጹሑንና የተበላሸውን በሁለት መስመር ለይቶ መቀላቀል ነው መላው።

ድምፃዊውን በተመለከተ፣ ዛክ የሚጮኸው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ይህን አያስተውልም። «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ላይ የመጨረሻዋ ስንኝ 16 ጊዜ ትደጋገማለች፤ የመጀመሪያዎቹ በሹክሹክታ ሊባል በሚችል ድምፅ ናቸው፣ ከዚያ እያንዳንዷ ከቀዳሚዋ አንድ እርከን ከፍ ትላለች፣ ባንዱም አብሮ ይወጣል። ከመጀመሪያው የሚጮህ ሌላ ድምፃዊ ቢዘፍነው አራተኛዋ ላይ የሚሄድበት ያጣል። ራፕ ሜታል የሚሞክሩ ድምፃውያን ሌላም ስህተት አላቸው፤ የማይክሮፎኑን ጭንቅላት በእጅ መጨበጥ። ማይክሮፎኑ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያስቀረው በጎንና በኋላው ባሉ ቀዳዳዎች ነው። እነዚያ ሲደፈኑ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ከሞኒተሩ (ከመድረኩ ስፒከር) ጋር ያፏጫል፣ ቃሉም ከሣጥን ውስጥ እንደሚወጣ ይታፈናል። ለቃል ለሚኖር ባንድ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

የመጀመሪያውን አልበም ከባንዱ ጋር ያዘጋጀው ጋርዝ ሪቻርድሰን፣ ድምፆቹን የቀላቀለው (ሚክስ ያደረገው) ደግሞ አንዲ ዋላስ ነው። የድምፅ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አዲስ ስፒከር ሲፈትሹ የሚያጫውቱት ከመሆኑ ሌላ ምስክር አያሻም። ሁለተኛው «ኢቭል ኢምፓየር» ኤፕሪል 1996 ወጥቶ በቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ ከአንደኛ ደረጃ ተነሳ፤ «ታየር ሚ» የተባለው ዘፈን በ1997 በሜታል ዘርፍ ግራሚ አገኘ። ሦስተኛው «ዘ ባትል ኦፍ ሎስ አንጀለስ» ኖቬምበር 1999 ወጥቶ እሱም አንደኛ ሆነ፤ «ጉሬላ ሬዲዮ» በ2001 ሌላ ግራሚ አመጣ። ሁለቱንም ያዘጋጀው ብሬንዳን ኦብራያን ነው። ሦስቱ አልበሞች 10፣ 11 እና 12 ዘፈን አላቸው፤ በጠቅላላው 33። የራሳቸው የሆነ የስቱዲዮ ሥራ በአልበም ይኸው ነው። አራተኛው «ሬኔጌድስ» የሌሎችን ዘፈኖች የያዘ ሲሆን ዲሴምበር 2000 ሲወጣ ዛክ ባንዱን ለቆ ነበር። ዛክ ኦክቶበር 18 ቀን ሲለቅ የሰጠው ምክንያት የጋራ ውሳኔ መስጠት አልቻልንም የሚል ነው። አራት እኩል ድምፅ ያለው ባንድ ሥራው ውስጥ ጥንካሬው ያ ነበር፤ ድክመቱም ያው ሆነ።

ዓምዳችሁ የዘረዘራቸው ድርጊቶችም ቢሆኑ በዝርዝር ሲታዩ የሙዚቀኛ ሥራ ናቸው። ጁላይ 18 ቀን 1993 ፊላዴልፊያ፣ ሎላፓሉዛ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ፣ በሸክላ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ የታገለውን ፒኤምአርሲን በመቃወም አራቱም ራቁታቸውን፣ አፋቸውን በጥቁር ፕላስተር ለጥፈው፣ በየደረታቸው አንድ አንድ ፊደል ጽፈው 15 ደቂቃ ያህል ቆሙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተሰማው ከጊታርና ከቤዙ የሚመጣ ፉጨት ብቻ ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1996 ሳተርዴይ ናይት ላይቭ የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ዘቅዝቀው የሰቀሉት አምፖቻቸው ላይ ነው፤ የዕለቱ አቅራቢ ባለጸጋው ስቲቭ ፎርብስ ነበር። ሠራተኞች ከመጫወታቸው በፊት አወረዱት፤ ሁለት ዘፈን ሊጫወቱ የነበሩት አንዱን ብቻ ተጫውተው ከሕንፃው እንዲወጡ ተደረገ።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2000 የፊልም ሠሪው ማይክል ሙር «ስሊፕ ናው ኢን ዘ ፋየር»ን ሲቀርጽ የቆሙት ዎል ስትሪት፣ የፌደራል ሆል ደረጃዎች ላይ ነው። ሕዝቡ ወደ አክሲዮን ገበያው ሲጎርፍ ገበያው በሥራ ሰዓት በሩን ዘጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት 14 ቀን የዴሞክራቶች ጉባኤ ከሚካሄድበት የሎስ አንጀለስ አዳራሽ ፊት ለፊት ተጫወቱ፤ ከሪፐብሊካን ጋር ብቻ ነው ጠባቸው ለሚል ይህ መልስ ነው።

ዛክ ከሄደ በኋላ ሦስቱ ከድምፃዊው ክሪስ ኮርኔል ጋር ኦዲዮስሌቭ የተባለውን ባንድ መሥርተው እስከ 2007 ቆዩ። ያው ጊታር፣ ያው ቤዝ፣ ያው ድራም ነበር፤ ራፑ ሲወጣ ግን ባዶው ቦታ በዜማ ተሞላ፤ ሙዚቃውም ሌላ ሆነ። ራፑ በላዩ የተለጠፈ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ኤፕሪል 29 ቀን 2007 ኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሬጆች እንደገና ተሰበሰቡ። በ2009 ብሪታንያ ውስጥ ሁለት ሰዎች በፌስቡክ በጀመሩት ዘመቻ የ17 ዓመቱ «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» በአንድ ሳምንት ከ500,000 በላይ ቅጂ ተሽጦ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድሩን የኤክስ ፋክተርን አሸናፊ ረታና የገና ሰሞን አንደኛ ሆነ። ባንዱም ጁን 6 ቀን 2010 ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ላይ በነጻ ተጫወተ። በ2022 ጉዞ ጁላይ 11 ቀን ቺካጎ ላይ ዛክ እግሩን ተጎዳ፤ የቀረውን ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ኦገስት 14 ቀን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አምስተኛው ምሽት የመጨረሻቸው ሆነ። ኖቬምበር 2023 ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገቡ የተገኘው ሞሬሎ ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ 2024 ደግሞ ዊልክ ባንዱ ከእንግዲህ እንደማይጫወት አሳወቀ።

ዓምዱ ሊምፕ ቢዝኪትንና ሊንኪን ፓርክን የሬጅ ወራሾች ብሎ አንድ ላይ መጥቀሱን አንቀበልም። እነዚያ ባንዶች ዲጄና ሳምፕል ለብቻ ሰው ሰጥተው ያዙ፤ በመሣሪያ ብዛት ድምፃቸውን አወፈሩ። ሥራቸው የራሱ ዋጋ ቢኖረውም መንገዱ ተቃራኒ ነው። ጁላይ 24 ቀን 1999 በዉድስቶክ ሊምፕ ቢዝኪትና ሬጅ በአንድ ቀን ስለተጫወቱ የሁለቱን ቅጂ አከታትሎ ማየት ልዩነቱን ያስረዳል፤ የሬጅ መድረክ ላይ ከአራት ሰው በቀር ድምፅ የሚያወጣ የለም።

የምንጠይቀው ዓምዱ ወደዚህ ባንድ ሲመለስ አንድ ዘፈን መርጦ መሣሪያ በመሣሪያ እንዲተነትን ነው። «ቡልስ ኦን ፓሬድ» ይመረጥ ብንል ዋው፣ ስዊች፣ ሪፍና ባዶ ቦታ ሁሉም በአንድ ላይ አሉበት። አንባቢም ለመስማት ሲነሳ በስልክ ስፒከር አይስማው፤ የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያወጣ ቤዙና የወፍራሙ ክር መነሻ ድምፅ ጠፍተው የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ሁለት ስፒከር ይያዝ፣ ቤዙን አይጨምር፣ አይቀንስ፣ በመጀመሪያው አልበም ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ